ከዲንሾ በሳኔቲ ዶሎ መና፦ የባሌ ተራሮችን በብስክሌት የማቋረጥ መመሪያ

ከጎባ ዶሎ መና ያለው መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የአንድ ቀን መንገድ ሊለው ይችላል። ግን መንገዱ 2,700 ሜትር ላይ ካለችው ጎባ ተነስቶ የሳኔቲን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ያቋርጣል፤ ከዚያ በሐረና ደን ውስጥ ቁልቁል ወርዶ 1,300 ሜትር አካባቢ ቆላ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በብስክሌት የሚያቋርጥ ሰው ቀኑን የሚከፋፍለው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በከፍታ ነው። የት ማደር እንዳለበት፣ ምን ማርሽ እንደሚያስፈልገው፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ሁሉ የሚወሰነው በዚያ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከዲንሾ ተነስቶ በሮቤ፣ በጎባ፣ በሳኔቲና በሪራ አልፎ ዶሎ መና ለሚገባ የስድስት ቀን ጉዞ የተዘጋጀ ነው።

መቼ ይሻላል

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ። ባሌ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ክረምት ብቻ የሚዘንብ መስሏችሁ ሚያዝያ ላይ ብትሄዱ የሐረና ጭቃ ጎማውን ከፎርኬታው ጋር አጣብቆ ያቆማችኋል። በበጋ ቀኑ ብሩህና ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን ሳኔቲ ላይ ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። በየካቲት መጨረሻ አስታው (ከፍታ ላይ የሚበቅለው ቁጥቋጦ) ስለሚደርቅ የሰደድ እሳት የሚነሳበት ጊዜ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት የሚጣራ

አንደኛው የጸጥታው ሁኔታ ነው። በአዲስ አበባና በሮቤ መካከል ያለው መንገድ በዚያ ሳምንት ሰላም መሆኑን ከአውቶቡስ ሾፌሮችና ሮቤ ካለ ሰው ጠይቁ። ወር ያለፈው መረጃ አይጠቅምም።

ሁለተኛው ፓርኩ ነው። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፤ መግቢያው የሚከፈለው፣ ምዝገባውም የሚደረገው እዚያ ነው። ደረሰኙን ከመታወቂያችሁ ጋር በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በቀላሉ የሚወጣበት ኪስ አድርጉት፣ ሳኔቲ ላይ ትጠየቃላችሁ። ብስክሌት ይዛችሁ እንደመጣችሁና በየት በየት እንደምታልፉ እዚያው ተናገሩ። ከዋናው መንገድ ወጣ ብላችሁ ወደ ዌብ ሸለቆ የምትገቡ ከሆነ አስጎብኚ ያዙ። አስጎብኚው በፈረስ ይሂድ ወይስ በሞተር የሚለውን በዋዜማው ጨርሱት፤ ጠዋት ላይ ሲነሳ ግማሽ ቀን ይበላል።

ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብስክሌቱ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫን ከሆነ ማርሽ ቀያሪው ያለበት የቀኝ ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ጭነት የሚያርፍበት ከሆነ ቀያሪውን ፈታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ከሹካው ውስጥ በኩል እሰሩት። የቀያሪው መስቀያ አንዴ ከታጠፈ ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ ሲደርስ አልፎ ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባል። በአውሮፕላን ወደ ሮቤ የሚመጣ ሰው ፔዳሉን ይፍታ፤ የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለሆነ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት የሚያጠብቁት ብዙ ናቸው።

ብስክሌቱ

የተራራ ብስክሌት ከብረት ወይም ከጠንካራ አሉሚኒየም የተሠራ፣ ከኋላ 36 ሽቦ ያለው ቸርኬ ቢኖረው ይመረጣል። በ32 ሽቦም ይሄዳል፤ ግን ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ከተከመረ በሳኔቲ ድንጋይ ላይ የሚበጠሰው የኋላ ቸርኬ ሽቦ፣ ያውም በማርሹ በኩል ያለው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ በእጅ ጨምቁ። የላላ ካገኛችሁ ጎማ ሠሪ ዘንድ ሳይሆን ቸርኬ ማቅናት ወደሚያውቅ ብስክሌት ጠጋኝ ውሰዱት።

የቸርኬ ልክ ላይ ምክራችን ግልጽ ነው፦ ምርጫ ካላችሁ 26 ኢንች። ባለ 29 የተሻለ ይንከባለላል፣ እውነት ነው። ግን ሮቤ ገበያ ውስጥ ጎማና ከላመደሪያ ብታጡ የምታገኙት 26 ነው። ባለ 29 የያዘ ሰው ሁለት ትርፍ ከላመደሪያና አንድ ተጣጣፊ ጎማ ከአዲስ አበባ ይዞ ይምጣ። የከላመደሪያው መንፊያ ቀጭኑ ሳይሆን እንደ መኪናው ያለው ወፍራሙ ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ስፋቱ ከ2.0 እስከ 2.25 ኢንች፤ ንፋሱ ከኋላ 40 ከፊት 35 ፒ.ኤስ.አይ.። የሞላ ጎማ ፈጣን ይመስላል፣ ጠጠር ላይ ግን ይዘልላል፤ በጣም የጎደለው ደግሞ ድንጋይ ሲመታ ከላመደሪያው በቸርኬው ሁለት ጠርዝ ተነክሶ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ሁለት ትይዩ ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ አትፈልጉ፣ ንፋስ ጨምሩ።

ማርሹ ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ክፍል ነው። ትንሹ የፊት ጥርስ 22፣ ትልቁ የኋላ ጥርስ 36 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 1.26 ሜትር ያህል ይጓዛል። በደቂቃ 60 ጊዜ ስትረግጡ በሰዓት 4.5 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፤ የእግረኛ ፍጥነት ነው። ከነጭነቱ 100 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌተኛ 8 ከመቶ ተዳፋት ያለውን ዳገት በዚህ ፍጥነት ሲወጣ 120 ዋት ያህል ኃይል ያወጣል። ፊት 28 ኋላ 28 ብቻ ያለው ብስክሌት ላይ ግን በዚያው አረጋገጥ 190 ዋት ይጠይቃል። 4,000 ሜትር ላይ በባሕር ጠለል ከምታወጡት ጉልበት ሩብ ያህሉ እንደሚቀንስ አስቡ፤ 190 ዋትን ለሰዓታት የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የፊት ጥርሱ 32 ብቻ የሆነ ብስክሌት ከኋላ 46 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ለማርሽ ማስቀየሪያ ገንዘብ ከሌለ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ትንሹን የፊት ጥርስ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ዳገቱን ሙሉ ይሰማችኋል።

ፍሬኑ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ቢሆን እንመርጣለን። ዘይት ያለበት ዲስክ የበለጠ ይይዛል፤ ግን መንገድ ላይ ቢያፈስ ከጎባ ወዲያ የሚጠግነው አይገኝም። ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ ጥንድ ትርፍ የፍሬን ሸራ ያዙ። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ካላችሁ ሸራው ውስጥ የተሰካ የጠጠርና የአሉሚኒየም ቅንጣት ካለ በምላጭ ነቅላችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ አለዚያ ቸርኬውን እየፋቀ ነው የሚወርደው።

የመሣሪያው ቦርሳ፦ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ፒንሳ፣ የካቴና መፍቻ፣ ለማርሻችሁ የሚሆን ሁለት የካቴና ማያያዣ፣ አንድ የፍሬንና አንድ የማርሽ ካቦ፣ ከላመደሪያ ሁለት፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፖምፓ፣ የካቴና ዘይት 50 ሚሊ ሊትር፣ ለብስክሌቱ ፖርቶ መጋላ (የዕቃ መጫኛ) የሚሆኑ አራት ትርፍ ቡሎንና ዳዶ፣ የማርሽ ቀያሪው ትርፍ መስቀያ። የመጨረሻው ከብስክሌት ብስክሌት ስለሚለያይ በመንገድ ላይ ፈጽሞ አይገዛም። አንድ የጎማ ቁራጭ፣ አምስት በስምንት ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ከአሮጌ ጎማ ቆርጣችሁ ያዙ፤ ጎማ በስለት ድንጋይ ከተቀደደ ከውስጥ ታስገቡታላችሁ። ማስቲሹ አንዴ ከተከፈተ ስለሚደርቅ ያልተከፈተ ይሁን። ሲለጠፍ ደግሞ የተቀባው ማስቲሽ አምስት ደቂቃ ካልደረቀ አይይዝም፤ በብርድ ቦታ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ መለጠፊያውንም በእጃችሁ አሙቁት።

ጭነት

ከምግብና ከውሃ ውጭ 15 ኪሎ ይበቃል። 25 ኪሎ ይዞ የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ «ምናልባት» ብሎ የያዘው ነገር አለ፤ ያንን ጎባ ሆቴል አስቀምጡት።

ከባዱን ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሁሉም ከኋላ ከሆነ ዳገት ላይ የፊት ጎማ ይነሳል፣ መሪውም ይቅበዘበዛል። ድንኳኑን መሪው ላይ፣ ምግቡንና ምድጃውን ከኋላ ቦርሳዎች ሥር፣ የመኝታውን ነገር ከላይ አድርጉት። የፖርቶ መጋላው ቡሎን በየማታው ይጥበቅ፤ ጠጠር ላይ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሁልጊዜ ይላላል። ለማሰሪያ ከገመድ ይልቅ ከአሮጌ ከላመደሪያ የተቆረጠ ቀበቶ የተሻለ ነው፣ ስለሚሳብ ጭነቱ ቢንቀጠቀጥም አይላላም።

ልብስና መኝታ

ጥጥ ነገር አይሆንም። ጋቢ ጎባ ላይ ማታ ይሞቃል፣ ዝናብ የነካው ጋቢ ግን ሳኔቲ ላይ ውሃ የያዘ ሸክም ነው። ላብ የሚያደርቅ ስስ ልብስ፣ በላዩ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ንፋስና ዝናብ የሚከላከል ጃኬት፤ ይህ ሦስት ድርብ ለቀኑ ይበቃል። ጓንት ሁለት ዓይነት ያዙ፣ አንዱ ለዳገት ስስ፣ አንዱ ለቁልቁለት ወፍራም። ጣት የደነዘዘ ሰው ፍሬን በትክክል አይጨብጥም። የመኝታ ከረጢቱ ቢያንስ −10 ዲግሪ የሚያስችል ይሁን፣ ከሥሩ ደግሞ ፍራሽ የግድ ነው፤ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። ፀሐዩ ከፍታ ላይ ስለሚያቃጥል መነጽር፣ የከንፈር ቅባትና ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ አትርሱ።

ምግብ፣ ውሃና ምድጃ

ሳኔቲ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። ከጎባ ስትነሱ የሁለት ቀን ምግብ ያዙ፣ ሪራ ዘግይታችሁ ልትደርሱ ትችላላችሁና። ለአንድ ሰው በቀን የምንመድበው፦ በሶ 250 ግራም፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ 200 ግራም፣ ፓስታ ወይም ሩዝ 200 ግራም፣ ሽሮ 80 ግራም፣ ማር ወይም ስኳር 100 ግራም፣ ዘይት ወይም ቅቤ 50 ግራም። ባሌ ገበያ ላይ ጩኮ ካገኛችሁ በጣም ይሻላል፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ሳይበስል ይበላል፣ ብርድ አያበላሸውም። ከፍታ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ስለዚህ ሲርበኝ እበላለሁ ብላችሁ አትጠብቁ፣ በየ45 ደቂቃው አንድ እፍኝ ጉረሱ።

የበሶው አሠራር ቀላል ነው ግን ቅደም ተከተሉን ብዙዎች ያዛቡታል። መጀመሪያ በጠርሙስ ግማሽ ውሃ አድርጉ፣ ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶና አንድ ማንኪያ ማር፣ ትንሽ ጨው ጨምሩና ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ ነቅንቁ፣ በመጨረሻ ውሃውን ሙሉ። በሶው ቀድሞ ከገባ ሥሩ ላይ ይጣበቃል።

ውሃ ለመያዝ የሚያስችል ዕቃ አምስት ሊትር ይኑራችሁ፣ ከጎባ ስትነሱ አራት ሊትር ሙሉ። ሳኔቲ ላይ ሐይቆችና ጅረቶች አሉ፣ ከብት ግን በየቦታው ያጠጣል። ስለዚህ አፍሉት ወይም ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ጨምሩበት። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ስለዚህ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ፓስታም በዚህ ሙቀት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ለነዳጅ ብላችሁ ቀድማችሁ ሰዓት ያህል በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት። ውሃ አጋር በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራ፣ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው እጥፍ ጊዜ ጠብቁ። የውሃ ማጣሪያ የያዘ ሰው ማታ መኝታው ውስጥ ይዞት ይተኛ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ከቀዘቀዘ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፣ ማጣሪያው ሲታይ ደህና ይመስላል ግን አያጣራም። ስልኩንና ባትሪውንም እንዲሁ።

የጋዝ ካርትሪጅ አውሮፕላን ላይ አይገባም፣ ተራ ቡታ ጋዝ ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ አይተንም፤ ምድጃው ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን የሚያቃጥል ይሁን። ለሁለት ሰው በቀን 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አስታና ጅብራ (ከሰው የሚረዝመው የከፍታ ተክል) ላይ እሳት ማንደድ አይቻልም፣ ለደን መትረፍ ሲባል ፈጽሞ አታድርጉት።

ቀን በቀን

1. ዲንሾ። 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ተመዝገቡ፣ ድንኳን ትከሉ ወይም ማረፊያ ያዙ፣ እንቅልፋችሁን ተኙ። ብስክሌቱን ገጥማችሁ አንድ ሰዓት ያህል ባዶውን ንዱት። በዚህ ከፍታ ደረት ሲጨንቅ፣ ዳገት ላይ ከጓደኛ ጋር ማውራት ሲያቅት አትደንግጡ፤ ራስ ምታቱ ግን ይመዝገብ።

2. ጋይሳይ። ከዲንሾ ጥቂት ወደ አዳባ አቅጣጫ ያለው ሜዳ ነው። የደጋ አጋዘን በየትም ቦታ እንደዚህ በቅርበት አይታይም፣ ከርከሮና የምኒልክ ድኩላም ይገናኙበታል። ከጭነት ውጭ 20 ኪሎ ሜትር ንዱ፣ ለሰውነታችሁም ልምምድ ነው። ጊዜ ካላችሁ አስጎብኚ ይዛችሁ ወደ ዌብ ሸለቆ ግቡ፤ ፊንጫ ሐበራ የሚባለው የዋሻ ጥላ እዚያ ነው። አርኪዮሎጂስቶች በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት የሰው ልጅ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በዚህ ከፍታ ላይ ይኖር እንደነበርና ግዙፉን ፍልፈል ይመገብ እንደነበር አሳይተዋል። ሁለተኛውን ሌሊት ዲንሾ ማደር ለሳኔቲ ዋናው ዝግጅት ነው፣ አትዝለሉት።

3. ከዲንሾ ጎባ። ወደ ሮቤ 30 ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ከዚያ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀላል ቀን ነው። ጥሬ ገንዘብ አውጡ፣ ምግብ ግዙ፣ ማርሹን ደግማችሁ አስተካክሉ። ጎባ ሆስፒታል አለ፤ የሚያጠራጥር ሕመም ያለበት ሰው እዚህ ይወስን።

4. ከጎባ በሳኔቲ ሪራ። ዋናው ቀን ይኸው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ከእርሻው አልፎ ኮሶና ጽድ ውስጥ፣ ከዚያ አስታው ውስጥ ይወጣል፤ እስከ አምባው ጫፍ የከፍታ ልዩነቱ 1,200 ሜትር ይበልጣል። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ የሚገፋም ቦታ አለው። መግፋት ነውር አይደለም፤ ልብ ከሚፈነዳ መግፋት ይሻላል። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቁሙ፣ በምትቆሙበት ጊዜ ሁሉ ጃኬት ልበሱ። እስከ 5 ሰዓት ከአምባው ጫፍ ካልደረሳችሁ ወደ ጎባ ተመለሱና በነጋታው ሞክሩ። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፣ በረዶና መብረቅ ሊመጣ ይችላል፤ አምባው ላይ ደግሞ ከእናንተ የሚረዝም ነገር ጅብራ ብቻ ነው።

አምባው ላይ መንገዱ ለጥ ይላል። ቀይ ቀበሮን የምታዩት እዚህ ነው፤ በዓለም ላይ ከቀሩት 500 ያህል ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ባሌ ናቸው። ቀበሮው በቀን ነው የሚያድነው። ከብስክሌት ሳትወርዱ ቁሙ፣ ምግብ አትወርውሩ፣ ብስክሌቱን ከመንገዱ አታውጡ፤ የፍልፈሉ ጉድጓድ በጎማ ከተደፈጠጠ ቀበሮው የሚበላው ያጣል። ውሻ ይዛችሁ አትምጡ። ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ በ1991፣ በ2003 እና በ2008 (እ.ኤ.አ.) ቀበሮዎቹን ፈጅቷል።

ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር፣ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ መንገድ አለው፣ አናቱ ላይ የአንቴና ምሰሶዎች አሉ። ጉልበት ያለው ሰው ጭነቱን ከጓደኛ ጋር ትቶ ይውጣው። ከ6 ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ይቅር።

ሳኔቲ ላይ ማደር የሚመርጡ አሉ፣ ሌሊቱ ግሩም ነው። እኛ ግን በዚያው ቀን ወደ ሪራ መውረድን እንመክራለን። ከፍ ብሎ መዋልና ዝቅ ብሎ መተኛት ለሰውነት የተሻለ ነው፤ ሪራ ከአምባው 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሳኔቲ የሚያድር ሰው ዲንሾ ላይ ሁለት ሌሊት ያሳለፈ፣ ምንም ሕመም የሌለው ይሁን።

5. ሪራ። ዕረፉ። የሚጠገነውን ጠግኑ፣ ልብስ እጠቡ። ሰዎቹ ወተትና ማር ይሸጣሉ፤ አብዛኛው ሰው ሙስሊምና ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» ወይም «አካም ጅርቱ» ማለት በር ይከፍታል። ውሃ ስትሹ «ቢሻን» በሉ።

6. ከሪራ በካቻ ዶሎ መና። ሐረና ደን በጉም፣ በዛፍ ሽበት በተሸፈኑ ዛፎችና በዱር ቡና ይታወቃል፣ አንበሳና ጅብም አለበት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊትና ከ11 ሰዓት በኋላ አትንዱ። ጭቃ ካለ ካቴናውን ብሩሽ አድርጋችሁ ዘይት ስጡት፣ ድምፅ እስኪያወጣ አትጠብቁ። ዶሎ መና ወባ አለ፤ አጎበር ያዙ፣ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ቁልቁለቱ

ብስክሌት ላይ አደጋ የሚበዛው ዳገቱ ላይ ሳይሆን ከሳኔቲ ወደ ሪራ ሲወረድ ነው። ሰው ደክሞታል፣ ጣቱ ደንዝዟል፣ ደርሻለሁ ብሏል። መንገዱ ግን ቁልቁል በጠማማ መታጠፊያዎች ይጥላል፣ ከታች አይሱዙ ይመጣል።

100 ኪሎ የሆነ ብስክሌትና ሰው 1,000 ሜትር ሲወርድ ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት 3 ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ቸርኬን የሚይዝ ፍሬን ካላችሁ ይህ ሙቀት ቸርኬው ውስጥ ይገባል፤ ከላመደሪያው ይግላል፣ የድሮ መለጠፊያ ይፈታል፣ ካልሆነም ጎማው ይፈነዳል። ዲስክ ከሆነ ሸራው ከመጠን በላይ ይግልና ጭራሽ አልይዝ ይላል። ስለዚህ፦

ከመውረድ በፊት ቁሙ። ወፍራሙን ጓንትና ጃኬቱን ልበሱ፣ የፍሬን ካቦዎቹን ስቡ፣ ኮርቻውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዛችሁ አትውረዱ፤ ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ለሁለት ሰከንድ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ መታጠፊያው ውስጥ ልቀቁ። ፍጥነቱ ከ20 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ጠጠር ላይ የፊት ፍሬኑ መታጠፊያ ውስጥ ከተያዘ ጎማው ይንሸራተታል፤ ፊተኛው ለቀጥታ ብቻ ነው። ሰውነታችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ የውጭኛው እግር ታች ይሁን። በየ150 ሜትር ከፍታ መውረድ ቁሙና ቸርኬው ወይም ዲስኩ አጠገብ ጣታችሁን አቅርቡ፤ ምራቅ ሲነካው ጢስ ካለው አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ውሃ አታፍስሱበት፣ ይጣመማል። መታጠፊያው ላይ በቀኝ ጠርዝ ሂዱ፣ የማይታይ ጠማማ ከሆነ ደወል ምቱ።

የከፍታ ሕመም

ሳኔቲ ላይ ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው 60 ከመቶ ገደማ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቀድሞ ትንሽ ለምዷል፤ ከቴል አቪቭ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በቀጥታ የመጣ ግን ቢያንስ ሦስት ሌሊት አዲስ አበባ ላይ አድሮ ይምጣ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከታየ በዚያው ከፍታ ዕረፉ፣ አትውጡ። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ማጠር፣ ሳል ከአረፋ ጋር፣ ወይም በቀጥታ መስመር እግር እየቀያየረ መራመድ ያቃተው ሰው ካለ ሳትጠብቁ 500 ሜትር ከዚያም በላይ አውርዱት፣ ወደ ጎባ ይሂድ። ብስክሌቱ ይቅር። ምሽትም ይሁን ዝናብ፣ እስኪነጋ ይሁን የሚለው አይሠራም። አሴታዞላሚድ የሚባለው መድኃኒት ሰውነት እንዲለምድ ይረዳል፣ የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ነው፤ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ግን አይወስደውም፣ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ውሻና ሕፃናት

የእረኛ ውሻ ሲመጣ አትሽሹ፣ ውረዱና ብስክሌቱን በመካከላችሁ አቁሙ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጎባ ወይም ሮቤ የክትባት ቦታ ሂዱ። ሕፃናት ሲከተሉ ፍጥነት መጨመር ድንጋይ ያስወረውራል፤ ቀስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ነው የሚያበርደው። ብርና ከረሜላ አትስጡ።

ከዶሎ መና መመለሻ

በዚያው መንገድ በብስክሌት መመለስ 2,700 ሜትር ከፍታ መውጣት ነው፤ ከአንድ ሳምንት ጉዞ በኋላ አንመክረውም። ጠዋት ወደ ጎባ የሚሄድ መኪና ፈልጋችሁ ብስክሌቱን ጫኑ፣ ዋጋውን ከመጫኑ በፊት ተስማሙ። የማርሽ ቀያሪውን በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ብስክሌቱ ከጭነት ሥር ሳይሆን ከላይ ይሁን። ጎባ ስትደርሱ ጭቃውን በባልዲ ውሃና በብሩሽ እጠቡ፤ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። ካቴናውን አድርቃችሁ ዘይት ስጡ፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ቸርኬውን አዙራችሁ ሽቦውን እንደገና ጨምቁ፤ ሳኔቲ ያላላው ሽቦ ካለ የሚታወቀው እዚህ ነው።